የተዘቀዘቀ ነጠላ

«ዛሬን ትጨፍር፤ ነገ ልታለቅስ አይደል!»

ትርንጎ ይህን የሰማችው በማለዳ፣ ጀሪካኗን ከቧንቧው ሥር ደቅና እንደ ክር የቀጠነውን ውሃ ስትጠብቅ ነው። ድምፁ የመጣው ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ነበር። የወይዘሮ እጅጋየሁ ድምፅ መሆኑን ለማወቅ ማየት አላስፈለጋትም፤ ከሰኔ መግቢያ ጀምሮ በዳቦ ቤታቸው መስኮት ተቀምጣ ስትሸጥ በዚህ ድምፅ እየተጠራች፣ በዚህ ድምፅ እየተገሠጸች ከርማለች።

«ኧረ ነውር ነው፣ እጅጋየሁ» አሉ የእድሩ ዳኛ አያ ታከለ። «ልጁ ገና ከትናንት ወዲያ መተማ ላይ አፈር የለበሰ ነው። እናት እኮ ናት። ምነው እንዲህ ይደረጋል?»

«ታዲያ አሁን ጩኸት ብናስነሣ አስማረ ይነሣል? ድንኳኑ ተተክሏል፣ በጎቹ ታርደዋል፣ የባለቤቴ ዘመዶች ከባሕር ዳር ገብተው አድረዋል። እንዳልካቸው የተመረቀበትን ቀን ዕድሜ ልኩን በለቅሶ ያስበው? ለእኔስ የእህቴ ልጅ አይደለም? የእኔ አንጀት አላረረም? ነገ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሰዎቹን ይዘው ይምጡ። እስከዚያ ምንም አልሰማንም።»

አያ ታከለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ በከዘራቸው ድንጋዩን መታ መታ አደረጉ። እሺ ማለታቸው ነበር። ያን ጊዜ ነው ጀሪካኑ ሞልቶ ውሃው በትርንጎ እግር ላይ የፈሰሰው። የውሃው ድምፅ ማዶ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ ወይዘሮ እጅጋየሁ አጥሩን ዞረው መጡ፤ ፀጉራቸው ለድግሱ ተሠርቶ በሻሽ ታስሯል፣ ዓይናቸው ግን አብጧል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የቆምሽ?»

«አሁን ነው የመጣሁ።»

«ሸጋ። ዛሬ ዳቦ ቤቱ ዝግ ነው። ከእህቴ እንዳትለዪ። ስልክ ሲደወልላት አንቺ አንሺ፤ ተኝታለች፣ ሥራ ላይ ናት በዪ። ቤቱንም ሥራውንም በማን እንዳገኘሽው ታውቂያለሽ።» ይህን ብለው ጀሪካኑን ራሳቸው ዘግተው አነሡላት። እንዲህ ያለ ነገር አድርገውላት አያውቁም።

አስማረ የእትዬ ይመኙሽ አንድ ልጅ ነው። እትዬ ይመኙሽ ደግሞ የወይዘሮ እጅጋየሁ ታላቅ እህት፣ የትርንጎም አከራይ ናቸው። አስማረ ለሰሊጥ አረም መተማ ሲወርድ፣ እሱ እስኪመለስ ክፍሉ ባዶውን ከሚቀመጥ ተብሎ ለትርንጎ ተሰጣት። ከዋናው ቤት ጎን የተለጠፈ የጭቃ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ በዝናብ ተልጧል፣ ጣሪያው ሲዘንብ የሰው ንግግር አያሰማም። ሁለት ሺህ ብር ትከፍላለች፤ ጎንደርን ከፒያሳ እስከ ማራኪ ብትዞር በዚህ ዋጋ የበግ ጋጥ አይገኝም ይሏታል ዳቦ ሊገዙ የሚመጡ ሴቶች። አልጋው የአስማረ ነው። ከአልጋው ሥር የኳስ ጫማው፣ ጭቃው እንደ ደረቀበት፣ አለ። በሩ ጀርባ ምስማር ላይ ጃኬቱ ተሰቅሏል። አይታው የማታውቀውን ልጅ በጠረኑና በጫማው ቁጥር ታውቀዋለች። የእግሩ ትልቅነት ያስቃት ነበር።

ውሃውን ይዛ ስትገባ እትዬ ይመኙሽ በረንዳው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ይቀባሉ። ለእህታቸው ድግስ ጠላውን የጠመቁት እሳቸው ናቸው፤ እንስራዎቹ ሌሊቱን ተወስደው ጌሾው ብቻ ይሸታል። «ነይ እስቲ ደውይልኝ፤ ዓይኔ እንደሆነ ቁጥሩን እያደባለቀ አስቸገረኝ» አሉና ስልካቸውን ሰጧት። የትርንጎ ጣት ቁጥሩን ያውቀዋል፤ በየቀኑ የምትደውልላቸው እሷ ናት። ደወለች። ድምፅ ማጉያውን ከፈተችው። የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም አለች የቴሌዋ ሴት።

«ይቺ ሴትዮ ደግሞ!» አሉ እትዬ ይመኙሽ። «ልጄን አገባችው እንዴ፣ ሁልጊዜ እሷ የምታነሣው? አይ በረሃ፣ ምን ኔትወርክ አለው! በይ አትከፊ፣ አስማረ ሲመጣ አንቺን ነው የምድርለት። ቁመትሽ አጠር አለ እንጂ ሸጋ ልጅ ነሽ። ክፍሉንም ልቀቂ የሚልሽ የለም።» ሳቁ። ትርንጎም መሳቅ እንዳለባት አወቀች፤ ጥርሷን አሳየች። ያቺ የቴሌ ሴት ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ በእንግሊዝኛ ትደግመው ነበር።

በጎንደር የትርንጎ አባት አልሞተም ነበር። አምና የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ለመፈተን ከወገራ ወጥታ፣ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ባደረችበት ሳምንት፣ ክንዱ የሚባለው አባቷ ታሞ ሳይውል ሳያድር ሞተ። ፈተናዋ እንዳይበላሽ ተብሎ አልተነገራትም። ፈተናው አልቆ በአውቶቡስ ሲመለሱ ልጆቹ መቀመጫውን እንደ ከበሮ እየደበደቡ ሲዘፍኑ፣ ትርንጎ መሃል ላይ ቆማ እስክስታ ትመታ ነበር። አንዷ ጓደኛዋ ቀረፀቻት። በቪዲዮው ላይ ሻሿ ወድቆ፣ አፏ በሳቅ ተከፍቶ ትታያለች፤ አባቷ ያን ጊዜ መቃብሩ ላይ ሣር ሊበቅል ተቃርቧል። ስልኳ ውስጥ እስካሁን አለ፤ ልታየውም ልታጠፋውም አልቻለችም። ቤት ስትደርስ ለቅሶው አብቅቶ፣ ሰው ሁሉ አልቅሶ ወጥቶለት ወደ እርሻው ተመልሶ ነበር። ብቻዋን ጀመረች፤ ጎረቤቶቿም ቆይተው «በቃሽ» አሏት። ፈተናውንም አላለፈችም። ዘንድሮ ሰኔ ላይ ሥራ ፍለጋ ጎንደር ገብታ እትዬ ይመኙሽ «እናት አባት አሉሽ?» ሲሏት፣ ሳታስበው «አዎ፣ ወገራ ናቸው» አለች። ከዚያ ወዲህ በጠየቋት ቁጥር ገብሱን ዘርቷል፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ የግራው በሬ አስቸግሮታል እያለች ቆየች። በዚህ ከተማ ክንዱ መሞቱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከሥራ ገብታ በሯን ስትዘጋ፣ ክረምቱን ሙሉ ከአስማረ ብርድ ልብስ ይልቅ ያሞቃት ይህ ነበር።

ረፋድ ላይ እትዬ ይመኙሽ ለብሰው ወጡ። ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ የሆነ አዲስ ቀሚስ ነው፤ ሽቱም ተቀብተዋል። ትርንጎ ሹራቧን ለብሳ ቆማ ሲያዩአት «በዚህ ነው ድግስ የምትሄጂ?» አሉና ከሣጥናቸው ነጠላ አውጥተው በራሳቸው እጅ አለበሷት፤ ትከሻዋ ላይ አስተካክለው፣ ጥለቱን ወደ ታች ሳብ ሳብ አድርገው፣ ራቅ ብለው አዩአት። ሣጥኑ ውስጥ ከነጠላው ሥር ገና ከፌስታሉ ያልወጣ ወፍራም የወንድ ሹራብ ነበር። «ከበረሃ ሲወጣ የጎንደር ብርድ እንዳይጥለው» አሉ፣ ዓይኗ እንዳረፈበት አይተው። «ከአንቺ ኪራይ ነው የገዛሁት፤ አንቺ ገዛሽው በይው።»

ወደ ወይዘሮ እጅጋየሁ ቤት የሚያስኬደው መንገድ አጭር ዳገት ነው። ጭቃው ያንሸራትታል። እትዬ ይመኙሽ የትርንጎን ክንድ ይዘው ይወጣሉ፤ ትርንጎም በየእርምጃው አሁን ልንገራቸው፣ እዚያ ድንጋይ ጋ ስንደርስ ልንገራቸው እያለች ድንጋዩን አለፈችው። «እትዬ» አለች አንድ ጊዜ። «አቤት?» አሉ። ፊታቸው ላብ አውጥቶ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከላይ ከድንኳኑ የሙዚቃ ሙከራ ይሰማል። «ያዳልጣል፤ ቀስ ይበሉ» አለች። ከዚያ ወዲያ አልሞከረችም። ቃሉ ከአፏ ቢወጣ፣ እዚህ ዳገት ላይ፣ እኚህን ሴት ብቻዋን ይዛ የት እንደምታደርሳቸው አላወቀችም። መርዶ ሽማግሌ የሚነግረው፣ ሴቶች ከኋላ ቆመው የሚደግፉት ነገር ነው። የሃያ ዓመት ተከራይ የምታደርገው አይደለም።

ድንኳኑ ውስጥ የእንዳልካቸው ፎቶግራፍ፣ ጋዋኑን ለብሶ፣ የበሩን ያህል ተሰቅሏል። እሱ ራሱ ከፎቶው ሥር ተቀምጦ ቢራውን አንገቱን ይዞ ያሽከረክራል። አክስቱ አቅፈው ጉንጩን እያገላበጡ ሲስሙት፣ «አስማረ እዚህ ቢሆን በትከሻው ተሸክሞህ ነበር የሚዞር» ሲሉት፣ ጎንበስ ብሎ ጋዋኑን አስተካከለ። ሁለቱ ልጆች አንድ ምንጣፍ ላይ ያደጉ ናቸው። የአስማረን ሞት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ትርንጎ ያን ለመረዳት ብዙ አልቆየችም። እትዬ ይመኙሽ ባለፉበት ሁሉ ጨዋታ ይቀንሳል፤ ካለፉ በኋላ ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ ይንጫጫል። ሳህናቸው ላይ የተጨመረው ሥጋ ከሌላው ሰው ድርሻ ይበልጣል። አንዲት ሴት ጉርሻ አጉርሳቸው እጇ ሳይመለስ ፊቷ ተለዋወጠና ወደ ጓሮ ወጣች። «ምነው ዛሬ እንደ ሙሽራ አደረጋችሁኝ?» አሉ እትዬ ይመኙሽ እየሳቁ። «የተመረቀው እሱ!» ሁሉም ሳቀ። ሳቁ አንድ ላይ ጀምሮ አንድ ላይ ቆመ። ወይዘሮ እጅጋየሁ ከወዲያ ማዶ ሆነው እንግዳ ያስተናግዳሉ፤ እህታቸው ወዳሉበት አንድ ጊዜም አልዞሩም።

ቪዲዮ የሚቀርፀው ልጅ መብራቱን አብርቶ መሃል ገባ። ዘፈኑ ተለወጠ፤ ጎንደሬ ሁሉ ትከሻው የሚነሣበት ዘፈን ነው። ነገሩን ያልሰሙት፣ ከባሕር ዳር የመጡት ዘመዶች፣ «አክስት! አክስት ትነሣ!» ማለት ጀመሩ። ያወቁት ጠላቸውን ተመለከቱ። እትዬ ይመኙሽ «ተዉኝ እናንተ፣ ጉልበቴ!» እያሉ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ትርንጎ የቪዲዮውን መብራት አየች። ነገም፣ የዛሬ ዓመትም፣ በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ እኚህ ሴት ባዶ እግራቸውን ትከሻቸውን ሲሰብቁ፣ አፋቸው በሳቅ ተከፍቶ፣ ታዩአት።

ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ድስት የሚያጥቡት ሴቶች ቀና ብለውም አላዩአትም። ነጠላውን ከትከሻዋ አወረደች፣ ገለበጠችው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው አዘቅዝቃ ለበሰች። በአፏ ያልቻለችውን በነጠላው የምትናገር መስሏት ነበር፤ እትዬ ይመኙሽ ያዩታል፣ ከዚያ ዙሪያቸውን ያያሉ፣ ከዚያ ይገባቸዋል ብላ። ተመልሳ ወደ ድንኳኑ ገብታ፣ ከመሃል፣ መብራቱ ሥር ቆመች።

መጀመሪያ ያያት ቀራጩ ነው፤ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ወይዘሮ እጅጋየሁ፤ በእጃቸው የያዙት ብርሌ ዘንበል ብሎ ጠጁ ፈሰሰ። እትዬ ይመኙሽ አንድ ጫማ አውልቀው፣ አንዱን እንደተጫሙ ቀና አሉ። ነጠላውን አዩ። ዙሪያቸውን አላዩም፤ ትርንጎን ብቻ ነበር የሚያዩ።

«ልጄ» አሉ። «ማን ሞተብሽ?»

ዘፈኑን አንድ ሰው ዘጋው። ትርንጎ ከፊቷ የቆሙትን ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ አየች፦ እንዳልካቸው ዓይኑን ጨፍኗል፣ አያ ታከለ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል፣ ወይዘሮ እጅጋየሁ ጭንቅላታቸውን በጣም በቀስታ ይነቀንቃሉ፣ አይሆንም፣ አይሆንም በሚል። ደግሞም የእትዬ ይመኙሽን ፊት አየች። ለእሷ እንጂ ለራሳቸው ምንም የማይፈራ ፊት ነበር።

«አባቴ» አለች።

እንዲህ ሆኖ ክንዱ በጎንደርም ሞተ።

«ውይ! ውይ ልጄን!» እትዬ ይመኙሽ በአንድ እግር ጫማቸው መጥተው ደረታቸው ላይ አደረጓት። «መቼ ነው የሰማሽ?»

«ጠዋት።»

«ጠዋት ሰምተሽ ነው የእኔን ስልክ ስትደውዪ፣ ከእኔ ጋር ስትስቂ የነበርሽ? ድግሱ እንዳይበላሽ ብለሽ?» ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «ይቅር በሉኝ፣ እህቴ፣ አንተም ልጄ፣ እግዜር ያሳድግህ። ሐዘንተኛ አጠገቤ ቆማ እኔ አልጨፍርም። የሰው አገር ልጅ ናት፤ ከእኔ ሌላ ማን አላት!»

«ጨዋታውን ትተሽ ልትሄጂ?» አሉ አንድ የባሕር ዳር ሰው። አያ ታከለ ተነሡ። «ተዉአቸው፣ ይሂዱ» አሉ፤ ትርንጎንም ትክ ብለው አይተው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት። በር ላይ ወይዘሮ እጅጋየሁ ለሰው እንዲመስል አቀፏት። በጆሮዋ ያሉት ግን «ነገ ዕቃሽን ታወጫለሽ። ዳቦ ቤቱንም እርሺው» ነበር። አፋቸው ትኩስ ነበር፤ ጉንጫቸውም እርጥብ።

እትዬ ይመኙሽ የአስማረን ፍራሽ ከአልጋው አውርደው መሬት ላይ ዘረጉት፤ ሐዘንተኛ ከፍ ብሎ አይቀመጥም አሉ። የራሳቸውንም ነጠላ አዘቀዘቁ። ከዚያ ወጥተው ለጎረቤት ተናገሩ። የጓሮዋ ተከራይ ነጃት ሻይ በፔርሙዝ ይዛ መጣች፤ ከጎኗም ሌሎች። ትርንጎ ሴቶቹ ሲገቡ ሁሉም ዓይናቸው ከእሷ አልፎ እትዬ ይመኙሽ ላይ ሲያርፍ አየች። ነጃት «አይ ወንድሜን!» ብላ ጀምራ አፏን ያዘች፤ ከዚያ ሌላ ቃል ሳትጨምር፣ ልብ በሚነካ ልቅሶ አለቀሰች። አንዷ የኳስ ጫማውን ከአልጋው ሥር አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «አያችሁልኝ የጎንደርን ሰው?» አሉ እትዬ ይመኙሽ፣ እየተደነቁ፤ «ለማያውቁት ሰው ይህን ያህል! ክንዱ እድለኛ ነው።»

ሴቶቹ ሲሄዱ ዝናቡ መጣ። እትዬ ይመኙሽ አጠገቧ ተቀምጠው «አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አሏት። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። በወገራ ሁሉም ያውቀው ስለነበር፣ እዚህ ደግሞ ሕያው ስለነበር። ትርንጎ ነገረቻቸው። ሲስቅ ድምፅ እንደሌለው፣ በሬውን በሚስቱ ወንድም ስም ይሰድበው እንደነበር፣ ለፈተና ስትሄድ እስከ መኪናው ድረስ ፍራሿን ተሸክሞ እንደሸኛት። ፍራሹ ጋ ስትደርስ ያልፈሰሰው የአንድ ዓመት ዕንባ መጣ። እትዬ ይመኙሽ ራሷን ጭናቸው ላይ አድርገው ከጣሪያው ጩኸት በላይ አብረዋት አለቀሱ። «እትዬ፣ እኔ…» አለች አንድ ጊዜ። «ዝም በይ፣ አልቅሺ ብቻ» አሏት። ያለቀሰችው ለማን እንደነበር፣ ከዚያ በኋላ ራሷም ለመለየት ተቸገረች።

«ነገ በመጀመሪያው መኪና አብሬሽ ወገራ እወጣለሁ» አሉ፣ መብራቱን ሳያጠፉ። «ብቻሽን አትገቢም። አስማረ ከደወለ ስልኩ ከእኔ ጋር ነው። እስቲ ሞክሪልኝ።»

ሞከረችላቸው።

ስትነቃ መስኮቱ ግራጫ ሆኗል፤ ዝናቡ አባርቷል። እትዬ ይመኙሽ ቀድመው ተነሥተው፣ ለመንገድ ዳቦ በፌስታል ቋጥረው፣ ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው በረንዳው ላይ ቆመዋል። የግቢው በር ተንኳኳ። በቀስታ ነበር፤ ብዙ ሰው ሆኖ እንደ አንድ ሰው ለማንኳኳት ሲሞክር እንደሚያንኳኳው። እትዬ ይመኙሽ ሄደው ከፈቱት።

አያ ታከለ ከፊት ናቸው፤ ከኋላቸው ጋቢ የለበሱ ወንዶች፣ ከእነሱም ኋላ ሴቶች፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወይዘሮ እጅጋየሁ በሁለት ሴቶች መሃል ተይዘዋል። እንዳልካቸው የትናንቱን ሱሪ እንደለበሰ ነው። የሰዎቹ ዓይን ገና ሳይነገራቸው በተዘቀዘቀው የእትዬ ይመኙሽ ነጠላ ላይ ቀረ።

«እግዜር ያክብራችሁ» አሉ እትዬ ይመኙሽ፣ ድምፃቸው በምስጋና ተሰብሮ። «ለሰው አገር ልጅ ብላችሁ፣ በዚህ ጭቃ፣ በዚህ ማለዳ። እኛም እንኳ ልንሄድ ነበር። ኑ፣ በዚህ በኩል ነው።» ቀድመው ሄደው የአስማረን ክፍል በር እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ትርንጎ ከፍራሹ ተነሥታ ቆመች። እትዬ ይመኙሽ በሩን በእጃቸው ይዘው፣ ለእንግዶቹ ቦታ ለመልቀቅ ወደ ጎን ጠጋ አሉ።

«ግቡ እንጂ» አሉ።

ከቆሙበት የተነቃነቀ ሰው አልነበረም።